የደጀ ሰላም አሮጌ በር በበጎ ፈቃደኞች እጅ እንዴት ይተካል? ከልኬት በሩ እስከሚሰቀል

ጎንደር ውስጥ ስለ ቅርስ ሲወራ ድንጋዩ ነው የሚወራው። ግንቡ፣ ቅስቱ፣ ኖራው። እንጨቱን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ግን እሱ ነው። ከተማዋን አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ሲቆረቁሯት ጀምሮ በርና መስኮቱ፣ ወለሉና ጣሪያው ከእንጨት ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ሁሉ የሚያየው የመላእክት ፊትም ያለው የእንጨት ጣሪያው ላይ ነው። የአርባ አራቱ ታቦት አገር ላይ ሆነን በየደብሩ ስንት የተጠረበ በር በዝናብ እንደሚበሰብስ ስናይ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም።

ይህ መመሪያ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ለሰፈር ማኅበራትና ለእድሮች ነው። አንድ ጥሩ አናጢና ትዕግሥት ያላቸው አሥር አሥራ አምስት ሰዎች ካላችሁ ይሠራል። የማወራው ስለ ደጀ ሰላም በር ነው። ደጀ ሰላሙ የግቢው መግቢያ ስለሆነ በሩ ዝናቡንም ፀሐዩንም ይቀበላል፤ ከቤተ መቅደሱ በሮችም ቀድሞ ይጎዳል። በዚያ ላይ የድሮው አሠራር ልዩ ነው። ማጠፊያ ብረት የለውም። ከራሱ ከጣውላው ተጠርቦ የወጣ ጫፍ ከታች መድረኩ (ደፉ) ላይ ካለ ጉድጓድ፣ ከላይ ጉበኑ (ከበሩ አናት ያለው አግዳሚ) ላይ ካለ ቀዳዳ ገብቶ ይዞራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የታችኛውን ጫፍ እግር፣ የላይኛውን ቀንድ እያልኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ አዲስ በር ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ መጋዝ አታንሱ። ብዙ ጊዜ «በሩ አልቋል» የሚባለው እግሩ ስለበሰበሰና በሩ ስለተንጋደደ ብቻ ነው። ጣውላውን በጩቤ ጫፍ ወጋ ወጋ እያደረጋችሁ ከታች ወደ ላይ ውጡ። ጩቤው ሳይቸገር ከገባ በስብሷል፤ ከተቋቋመ ጤነኛ ነው። የበሰበሰው ከታች አንድ ስንዝር ብቻ ከሆነ እሱን ቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት መቀጠል ይቻላል፣ ሙሉ በር መሥራት አያስፈልግም። አንዱ ክንፍ ብቻ ከሞተም አንዱን ብቻ ሥሩ። እኔ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፤ አሮጌ እንጨት ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ከጀመርን አይቀር ሁሉንም አዲስ እናድርገው» የሚለው ሐሳብ ቅርስ ማጥፋት ነው።

ሙሉ በሙሉ መተካት አለበት ከተባለ ቀጥሉ።

ፈቃድ

ሰበካ ጉባኤው እሺ ስላለ ብቻ አይጀመርም። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንደሚፈልግ ይደነግጋል። ስለዚህ ከደብሩ አስተዳዳሪ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የበሩ ፎቶ፣ የምትሠሩት ነገር ንድፍና የእንጨቱ ዓይነት ተሟልቶ ወደ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይሂድ። ንድፍ ሲባል ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ በእርሳስ የተሠራ ልክ ያለው ሥዕል ይበቃል። ባለሙያ መጥቶ እንዲያይ ለምኑ። ሲመጣ ደግሞ ሻይ ጋብዞ መሸኘት ብቻ ሳይሆን የሚለውን ጻፉ።

ሌላው ፈቃድ የእንጨቱ ነው። ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ሀገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ እንደፈለጉ መቁረጥ ክልክል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በጥድና በወይራ የተሞላ ስለሆነ «ከዚሁ እንቁረጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ደን ራሱ ከበሩ የማይተናነስ ቅርስ ነው። ደግሞ ዛሬ የተቆረጠ ዛፍ ለዘንድሮ በር አይሆንም፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጊዜውን ቀድማችሁ አስቡ

ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው። ታቦቱ ወጥቶ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ ሁለቱም የበሩ ክንፎች እስከ ግድግዳው ድረስ መከፈት አለባቸው፤ ጥላው፣ ዘማሪው፣ ሕዝቡ በዚያ ያልፋል። ስለዚህ ሥራው ወይ ከጥምቀት በፊት ያልቃል ወይ ከጥምቀት በኋላ ይጀመራል። መሀል ላይ ተሰቅሎ ያልተሞከረ በር ይዞ ከተራን መቀበል አደጋ ነው።

የምመክረው አካሄድ እንዲህ ነው። ዝናቡ እንዳበቃ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ልኬትና ጣውላ ማዘጋጀት፣ በኅዳር መሥራት፣ በታኅሣሥ ዘይት መቀባትና መስቀል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት እንደሚገባ አትርሱ። ጿሚ ወጣት ጠዋት ጠዋት 60 ኪሎ በር እንዲያነሳ አታድርጉ፤ ጠዋት ቀላሉን፣ የማላጉንና የመለካቱን ሥራ፣ ሸክሙን የዕለቱ ጾም ከተፈታ በኋላ። እሑድና የደብሩ ወርኃዊ በዓል ቀን መዶሻ አይሰማም፣ ቅዳሴ እስኪያልቅም እንዲሁ። ይህን ከመሪጌታውና ከቄሰ ገበዙ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቀን በቀን ካልጻፋችሁት በጎ ፈቃደኛው ይመጣል፣ ሥራ ግን አይኖርም፤ ሁለት ጊዜ በከንቱ የመጣ ሰው ሦስተኛ አይመጣም።

አሮጌው በር ሲወርድ ግቢው ክፍት እንዳይሆን ጊዜያዊ በር ቀድሞ ይዘጋጅ። ባህር ዛፍና ቆርቆሮ ለዚህ ይሆናል።

ልኬት፣ ሙሉ ቀን የሚገባው ሥራ

አሮጌው በር ራሱ ንድፉ ነው። ሳይወርድ በፊት ባለበት ፎቶ አንሱት፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ተከፍቶ፣ ተዘግቶ፣ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ፣ ቀንዱ ከታች ወደ ላይ ሲታይ። ፎቶው ውስጥ ሜትር ዘርግታችሁ አስገቡ።

ከዚያ ክፍተቱ ይለካል። የድሮ ግንብ ክፍተት አራት ማዕዘኑ ትክክል ነው ብላችሁ አትነሱ። ስፋቱን ከታች፣ ከመሀልና ከላይ ለኩ። ቁመቱን በግራ፣ በመሀልና በቀኝ። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ፤ ከተለያዩ ክፍተቱ ዘምሟል ማለት ነው። ቱንቢ ጥላችሁ መቃኑ (የበሩ የጎን ቋሚ) ምን ያህል እንደዘመመ መዝግቡ። በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ ይህ ነው፦ ከላይኛው ቀዳዳ መሀል ቱንቢ ስትጥሉ በትክክል የታችኛው ጉድጓድ መሀል ላይ ያርፋል ወይ? ካላረፈ በሩ ሲከፈት ራሱን ይዘጋል ወይም ራሱን ይከፍታል። አንዳንዱ የድሮ ሠሪ ሆን ብሎ ትንሽ አዛንፎ በሩ በራሱ ክብደት እንዲዘጋ ያደርግ ነበር፤ እንደዚያ ከሆነ እናንተም እሱኑ ጠብቁ።

በሩ ከወረደ በኋላ መሬት ላይ አጋድማችሁ ትልቅ ካርቶን ወይም የተተረተረ ማዳበሪያ ላይ ሙሉ መጠኑን ገልብጡት። እያንዳንዱ ችካል (በሚስማር ፋንታ የሚገባው እንጨት) የት እንዳለ፣ ጣውላዎቹ የት እንደሚገናኙ፣ መሸጎሪያው የት እንደሚያርፍ። ይህ ወረቀት በኋላ አናጢው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ክርክር ሲነሳ ዳኛው እሱ ነው። ለወጣቶቹ ይህን ሥራ ስጧቸው፤ በእጃቸው የገለበጡት በር እንዴት እንደተሠራ ማንም ሳያስተምራቸው ይገባቸዋል።

ለምን በሰበሰ?

አዲስ በር ሠርቶ አሮጌውን የገደለው ነገር ላይ መልሶ መስቀል ልፋት ማባከን ነው። በር የሚሞተው ከእግሩ ነው። ምክንያቱም እግሩ የቆመበት ጉድጓድ ውኃ ይይዛል፤ ክረምቱን ሙሉ እንጨቱ ጫፉን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቆማል፣ የጣውላ ጫፍ ደግሞ ከጎኑ ይልቅ ውኃን አብዝቶ ይጠጣል።

ጉድጓዱን ጥረጉት። አንዳንዱ መድረክ ላይ ውኃ ወደ ውጭ የሚያወጣ ትንሽ ቦይ ተፈልፍሎ በአፈርና በጧፍ ቅሪት ተደፍኖ ታገኛላችሁ፤ ከተገኘ መጥረግ ብቻ ነው። ቦይ ከሌለና መድረኩ ድንጋይ ከሆነ በራሳችሁ መሮ አታንሱበት፤ የመጣውን ባለሙያ ጠይቁ። መድረኩ ራሱ የበሰበሰ እንጨት ሆኖ አብሮ የሚተካ ከሆነ ግን አዲሱ ላይ ቦዩን አብራችሁ ሥሩ።

ከመድረኩ ፊት አፈር ተከምሮ ከፍ ካለ ዝናብ ወደ በሩ ይፈሳል። አፈሩ መነሳት አለበት። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ግቢ መካነ መቃብርም ስለሆነ ላይ ላዩን ከመጥረግ አልፎ መቆፈር ያለ አስተዳዳሪውና ያለ ባለሙያ አይሆንም።

መቃኑ ዙሪያ ሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነ ሌላው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ሲሚንቶ እርጥበት ያፍናል፤ ኖራ ያስተነፍሳል። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ፋሲል ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ ያደረጉት ጥገና በኋላ እየተነሳ በኖራ የተተካው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባም የጥገናው ጉዳይ አብሮት የኖረ ነው። በሩ አካባቢ የምትደፍኑት ስንጥቅ ካለ በኖራ ይደፈን።

እንጨት መምረጥ

ጥድ አንደኛ ምርጫዬ ነው። ዘይት አለው፣ ይሸታል፣ ምስጥ ይሸሸዋል፣ ውጭ ይኖራል። ችግሩ ጉጡ ብዙ ነው፣ ሰፊ ጣውላም ለማግኘት ያስቸግራል። ዋንዛ ሰፊ ጣውላ ይሰጣል፣ ለመላግ ይመቻል፣ ብዙ አይጣመምም፤ ጥላ ስር ላለ በር ግሩም ነው። ወይራ ለሙሉ በር ይከብዳል፤ ለችካልና ለጉድጓዱ ማልበሻ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ባህር ዛፍን ለዚህ አትጠቀሙ። ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ታሪካዊ በር አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን አሮጌው በር የተሠራው ከምንድን ነው? ከጥድ ከሆነ ጥድ፣ ከዋንዛ ከሆነ ዋንዛ።

ማድረቅ። አየር ላይ የሚደርቅ ጣውላ በግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይፈልጋል። 5 ሴንቲ ጣውላ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የተቆረጠ ዛፍ ለዘንድሮ አይሆንም ያልኩት። እርጥብ ጣውላ ተሠርቶ ሲሰቀል በጋ ላይ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ተጠያቂውም ምንም ያላጠፋው አናጢ ይሆናል። ምርጡ ምንጭ የሚፈርስ አሮጌ ቤት ነው። ጎንደር ውስጥ በፈረሰ ቤት ላይ የሚወጣ የጥድ ምሰሶና ወራጅ ለብዙ አሥርት ዓመታት የደረቀ ነው፤ ለማገዶ ከመሸጡ በፊት ድረሱበት። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅላችሁ፣ በማግኔት ፈትሻችሁ ወደ መጋዝ ቤት ውሰዱት። የተረሳ ሚስማር የመጋዝ ቤቱን ስለት ይሰብራል፣ ሠራተኛውንም ይጎዳል።

ስትመርጡ የእንጨቱን ልብ ውሰዱ፣ ከቅርፊቱ አጠገብ ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ተዉት። ነቀዝም ምስጥም የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

መሥራት

በምሳሌ ልሂድ። ክፍተቱ 2.10 ሜትር ቁመት፣ በሩ ባለ ሁለት ክንፍ፣ እያንዳንዱ ክንፍ 90 ሴንቲ ስፋትና 5 ሴንቲ ውፍረት ይሁን። እንደዚህ ያለ የጥድ ክንፍ ከተሻጋሪዎቹ ጋር 60 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። የእናንተ በር ልኩ ሌላ ነው፤ ስሌቱን እንጂ ቁጥሩን አትውሰዱ።

ከሁሉ በፊት እግርና ቀንድ ያለበት ጣውላ። ይህ ወፈር ይበል፣ 7 ሴንቲ ጥሩ ነው፤ ጉጥም ስንጥቅም የሌለበት፣ ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ። የበሩ ሙሉ ክብደት እዚህ ላይ ነው የሚዞረው። አሁን ስሌቱን በጥንቃቄ ተከተሉ። በሩ ሲሰቀል መጀመሪያ ቀንዱ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከዚያ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ ለመነሻ የሚሆን ቦታ መተው አለበት። ጉድጓዱ 3 ሴንቲ ጥልቀት ካለውና ከበሩ ስር 1 ሴንቲ ክፍተት ከተተወ እግሩ 4 ሴንቲ ይሆናል። በሩ 3 ሴንቲ መነሳት ስላለበት ከበሩ አናት እስከ ጉበኑ 3.5 ሴንቲ ይተዋል። ቀንዱ ያንን 3.5 አልፎ 5 ሴንቲ ቀዳዳው ውስጥ እንዲቀመጥ 8.5 ሴንቲ ይሁን። ቀዳዳው ደግሞ የሚቀመጠውን 5፣ የሚነሳውን 3 እና ትንሽ ትርፍ እንዲይዝ 8.5 ይጥለቅ። የበሩ አካል 205.5፣ ከእግርና ከቀንዱ ጋር ጣውላው 218 ሴንቲ ሆነ። እናንተ 230 የሆነ ጣውላ ግዙ፣ ጫፉ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ስለሆነ ይቆረጣል።

ከላይ የቀረው ክፍተት በሩ ሲዘጋ ከጉበኑ ጀርባ ስለሚያርፍ ከውጭ አይታይም። በሩ ከጉበኑ ስር የሚዘጋ ከሆነ ከተሰቀለ በኋላ ቀጭን እንጨት ከጉበኑ ላይ በችካል ይመታበታል፤ ያ እንጨት ለወደፊት በሩን ማውረድ ለሚፈልግ ሰው ተነቃይ መሆን አለበት።

እግርና ቀንዱን ክብ ለማድረግ መጀመሪያ አራት ማዕዘን ቁረጡ፣ ከዚያ ስምንት ማዕዘን፣ ከዚያ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ በእንጨት ሞረድ ጨርሱ። ውፍረቱ 6 ሴንቲ፣ ቀዳዳው 6.5። ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በመጋዝ ስለት ጥርት ብሎ እንዳይቆረጥ፤ ትንሽ ቅስት ተዉለት፣ እንጨት የሚሰበረው እዚያ ጥግ ላይ ነው። የጣውላውንም የመቃን በኩል ጠርዝ ሙሉ ለሙሉ ክብ አድርጉት። ይህ ከተረሳ በሩ ሲዞር ጠርዙ መቃኑን ይነክሳል። ይህን ጣውላ አንድ ሰው ብቻ ይሥራው፣ እሱም አናጢው። በጎ ፈቃደኛ የሚማርበት ሌላ ብዙ ጣውላ አለ።

ሌሎቹ ጣውላዎች። በ5 ሴንቲ ውፍረት ሦስት ወይም አራት ጣውላ፣ በፒያላ ሁለት ፊቱ ይላግ፣ ጠርዙ በስኳድራ ይረጋገጥ። ጠርዝ ለጠርዝ የሚገናኙት ግማሽ ውፍረታቸው ተቆርጦ አንዱ በአንዱ ላይ እንዲደረብ ነው። እንዲህ ሲሆን እንጨቱ በጋ ላይ ቢሸማቀቅም ብርሃን አያስገባም። በኮላ አታጣብቋቸው። እንጨት በስፋቱ ይነፋል፣ ይሸማቀቃል፤ በቁመቱ ግን አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። 90 ሴንቲ ስፋት ያለው በር በበጋና በክረምት መካከል ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ከምናምን ሊለያይ ይችላል። የተጣበቀ ከሆነ ያንን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያወጣዋል፣ ማለትም ይሰነጠቃል። ሳይጣበቅ ከቀረ እያንዳንዱ ጣውላ የራሱን ድርሻ ይንቀሳቀሳል። ኅዳር ላይ ስትሠሩ በየመገናኛው 2 ሚሊ ሜትር ተዉ፤ ሁለቱ ክንፎች መሀል ላይ ሲገናኙ ደግሞ 1 ሴንቲ፣ ከላዩ ተደራቢ እንጨት ይኖረዋል። «ይህ ክፍተት ምንድን ነው፣ ጥሩ አልተሠራም» የሚል ሰው ይመጣል። ነሐሴ ላይ መጥቶ እንዲያየው ንገሩት።

ተሻጋሪዎቹ። ከበሩ ጀርባ ሦስት ተሻጋሪ ሞራሌ ጣውላዎቹን ይይዛቸዋል፤ ከታች፣ ከመሀል፣ ከላይ። አሮጌው ሁለት ከነበረው ሁለት አድርጉ። የሚያያዙት በወይራ ችካል ነው። ችካሉ 12 ወይም 15 ሚሊ፣ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ጫፉ ላይ ሳሳ ያለ፣ ከጣውላው ይልቅ የደረቀ። ደረቅ ችካል በኋላ ከአየሩ እርጥበት ሲወስድ ይነፋና አይወጣም። እግሩ ባለበት ጣውላ ላይ ችካሉ ልክክ ብሎ ይግባ። በቀሩት ላይ ግን የተሻጋሪው ቀዳዳ ወደ ጎን 3 ሚሊ ያህል ይርዘም፤ ጣውላው ሲነፋ ችካሉ አብሮት እንዲሄድ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ በሩም የሚሰነጠቀው በዚህ ነው።

ትራፓኖ መጠቀም ክልክል አይደለም። አንዳንድ ሰው በቅርስ ሥራ መብራት የሚፈልግ ዕቃ አይነካም ይላል፤ እኔ አልስማማም። ለሻካራው ሥራ ማሽን፣ ለሚታየው ፊት የእጅ መላጊያና መሮ። የእጅ መሣሪያ የሚተወው ፊት ከአሮጌው ጋር ይስማማል፣ ማሽን የላገው ግን ፈጽሞ አይመስልም። ማሽን ሲሠራ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ለሁሉም ይኑር፤ ነጠላና ሻርፕ ከማሽን አጠገብ አይለበስም።

አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል ጥቀርሻ ወይም ቡና አትቀቡ። በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ የሚለው ግልጽ ነው፤ የጎደለውን የሚተካ ነገር ከአጠቃላዩ ጋር ይስማማ፣ ግን ከጥንቱ የሚለይ ይሁን። ከውጭ በማይታየው በላይኛው ጠርዝ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በመሮ ቅረጹ። ነገ የሚጠግን ሰው የትኛው የመቼ እንደሆነ ይወቅ።

ዘይት

ውጭ ላለ በር ቨርኒሽ አትቀቡ። መጀመሪያ ያብረቀርቃል፤ ፀሐይ ሲሰነጥቀው ውኃ ከስሩ ይገባና መውጫ ያጣል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም ልማድ ሆኗል፤ እንጨቱን ያጠቁራል፣ ይሸታል፣ የሚሳለመውን ሰው ልብስ ያበላሻል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አይቀበልም። ለአጥር እንጨት እንጂ ለደጀ ሰላም አይሆንም።

የተልባ ዘይት ይበቃል። ለምግብ የሚጨመቀው ለመድረቅ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ለቀለም ሥራ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ይፈጥናል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ እንጨቱ ያልጠጣውን ጥረጉ፣ ሲደርቅ ድገሙ። ሦስት አራት ጊዜ። የጣውላ ጫፎችን ግን፣ በተለይ እግሩን፣ መጠጣት እስኪያቆም ደጋግማችሁ አጥግቡት። ዘይቱ በሩ ከመሰቀሉ በፊት ነው የሚቀባው፣ ከተሰቀለ በኋላ እግሩ አይደረስበትም።

አሁን የምነግራችሁን ለሁሉም በጎ ፈቃደኛ ንገሩ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ ማንም እሳት ሳይለኩስበት ራሱ ሊነድ ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የታጠፈ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሰጋቱራና ፍቅፋቂ በተከመረበት፣ በእንጨት በተሠራ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ጨርቁ ሁሉ ወይ ውኃ ባለበት ባልዲ ይግባ ወይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ። አንድ ሰው በስሙ ኃላፊ ይደረግ፣ ማታ ሳይቆጥር ወደ ቤቱ አይሂድ።

መስቀል

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ነው የሚሠራው። ግን በሩ ላይ ሃምሳ ሰው አያስፈልግም። ለአንድ ክንፍ አራት ሰው ያነሳል፣ አንድ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ ቀንዱን ይመራል፣ አንድ ሰው ከታች እግሩን ያያል፣ አንድ ሰው ብቻ ትእዛዝ ይሰጣል። ሌላው ሰው ዝም ይበል፣ ልጆችም ራቅ ይበሉ። የእግሩን ጫፍ በእጅ ወደ ጉድጓዱ መምራት ክልክል ነው፤ በሩ ሲወርድ ጣት ይቆርጣል። በዱላ ምሩት።

ቀንዱንና እግሩን፣ ቀዳዳውንና ጉድጓዱን በሰም እሹት። የጧፍ ሰም ከሁሉ ይሻላል፣ ደብሩ ውስጥም ሞልቷል። በሩን ወደ ውስጥ ዘመም አድርጋችሁ ቀንዱን አስገቡ፤ ለዚህ የቀዳዳው አፍ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት። ከዚያ ወደ ላይ ገፋ፣ እግሩ መድረኩን እስኪያልፍ፣ ቀና ማድረግ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። መድረኩና የውስጡ ወለል እኩል ከሆኑ ይህ ይቸግራል፤ እንደዚያ ባለ ቦታ ላይ ቀዳዳው ያለበት እንጨት ከጉበኑ ተለይቶ በችካል የሚያያዝ እንዲሆን ከመጀመሪያው አስቡበት።

ከተሰቀለ በኋላ በቀስታ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ዝጉ። የሚነካበትን ቦታ ለማወቅ መቃኑን ጠመኔ ቀቡትና ዝጉት፤ ጠመኔው በሩ ላይ የታተመበትን ብቻ ላጉ። ሁለተኛው ክንፍ ከተሰቀለ በኋላ መሸጎሪያው ይገጠም። አሮጌው መሸጎሪያና ቁልፍ ጤነኛ ከሆነ እሱኑ መልሱ።

አሮጌው በርና ከዚያ በኋላ ያለው

አሮጌው በር ማገዶ አይደለም፤ ለጎብኚም አይሸጥም። አቧራውን በብሩሽ ብቻ ጥረጉ፣ ከየት እንደወረደና መቼ እንደወረደ የሚገልጽ ወረቀት አስራችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ አጋድሙት። ምስጥ እንዳይደርስበት ግድግዳውን አይንካ። ያ የገለበጣችሁት ትልቅ ካርቶንም ተጠቅልሎ አብሮት ይቀመጥ፣ ፎቶዎቹም በፍላሽ ሆነው ለመምሪያው ይሰጡ።

ቀጥሎ ያለው በዓመት ሁለት ቀን ነው። ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ የታችኛው ጉድጓድ ይጠረግ፣ ቦዩ ይከፈት፣ ተሻጋሪዎቹና የጣውላ ጫፎቹ በተልባ ዘይት ይታሹ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ምን እንዳደረገ ይታይ። መድረኩ ላይ ቀጭን የአፈር መስመር ወደ በሩ ሲወጣ ካያችሁ ምስጥ መንገድ ሠርቷል፤ መስመሩን ብቻ ጠርጋችሁ አትለፉ፣ ከየት እንደመጣ ተከተሉት። በሩ ክረምት ላይ መዝጋት አስቸግሮ ከሆነ ወዲያው አትላጉት። እስከ ታኅሣሥ ጠብቁ፤ ሲደርቅ ወደ ልኩ ከተመለሰ ምንም መንካት አያስፈልግም፣ ያኔም ከነከሰ በጠመኔው ፈልጋችሁ ከነካበት ቦታ ላይ ብቻ ቀንሱ።